ሩዝ የሞላበት ሸራ

በሬዎቹ ወንዙን አጋምሰው ሳሉ የቀኙ በሬ ተንበረከከ። ጋሪው ሲያዘምም ላዩ ላይ በገመድ የታሰረው ጠፍጣፋ ሣጥን ተንሸራትቶ አንድ ጫፉ ውኃ ውስጥ ገባ። ቱዋን ሄይደማ፣ ጌታው ሠዓሊ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ወረደና ሣጥኑን በሁለት እጁ አቀፈው። የደፈረሰው ውኃ ወገቡ ድረስ ነበር። ሩቢነም ከጋሪው ጠርዝ ሆና ታየዋለች። በቤቱ መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው እንዲህ አጥብቆ ሲያቅፍ ግን አይታው አታውቅም።

"ሳኪር፣ በሬውን አስነሣው" አለ።

ፓክ ሳኪር ዕድሜው የገፋ ጋሪ ነጂ ነው። ከበሬው አንገት ሥር ገብቶ በትከሻው እየደገፈ፣ "ሰንፎ አይደለም ቱዋን" አለ። "እንደኔው ሆዱ ባዶ ነው። ልዩነታችን፣ እኔ ቱዋንን እፈራለሁ፤ እሱ አይፈራም።"

ሩቢነም ሳቋን ዋጠችና ሽርጧን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወረደች። እሷ መንኰራኩሩን ስትገፋ፣ ሽማግሌው በሬውን ሲያባብል፣ ሄይደማ ሣጥኑን ታቅፎ ሲንገዳገድ፣ እንደምንም ወዲያ ማዶ ወጡ። ሠዓሊው የሣጥኑን ጫፍ ዳሰሰ። ከሣንቃው ስንጥቅ ውኃ ይንጠባጠባል።

"መከፈት አለበት። ርጥበቱ ከጀርባው ከገባ ሸራው ይሸበሸባል። ጣሪያ ያለው ቤት የት ነው የሚቀርበን?"

"ካሊዳዋ" አለች ሩቢነም።

ቀና ብሎ አያት። ጠዋት ተራራው ላይ ካለው ቤቱ ሲነሡ፣ "ካሊዳዋ ከመንገዳችን ብዙም አይርቅም፤ እናቴን አይቼ ልድረስብዎ" ብላው ነበር። "ስንመለስ" አላት። ከቆላው የሚመጡ ነጋዴዎች ለወራት ክፉ ወሬ ሲያመጡ ከርመዋል። ስትነግረው ዓይኑን ከሸራው ሳያነሣ፣ "ወሬ ነው፤ ሬዚደንቱ ወሬ ነው ብለዋል" ይላት ነበር።

"ሌላ መንደር የለም?" አለ አሁንም።

"ሌላውም ካሊዳዋን ይመስላል ቱዋን" አለ ፓክ ሳኪር። "እንዲያውም እዚያ ገና ሰው አለ ይባላል።"

በሬዎቹን ወደ ግራ መለሳቸው።

ሩቢነም ኛይ ናት። የነጭ ቤት ሴት ማለት ነው፤ ማጀቱን ታዛለች፣ አልጋውን ትጋራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሚስት አይሏት፣ ገረድ አይሏት። አባቷ በሕይወት ሳለ የካሊዳዋው ጭቃ ሹም "ሆላንዱ ሠዓሊ የቤት ሰው ይፈልጋል" ብሎ መጣ። ጭቃ ሹም ሲጠይቅ ደግሞ እምቢ የሚል አባት በዚያ ዘመን አልነበረም። ሄይደማ ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል አሽከሮቹ። አይማታም፤ አይሰክርም። ፏፏቴ ይሥላል፣ እሳተ ገሞራ ይሥላል፣ ጨረቃ ያረፈችበት የሩዝ ማሳ ይሥላል። ጡረታ የወጡ ሹማምንት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይገዙታል።

ይህኛው ግን ከሁሉ ትልቁ ነው። ያዘዘው ሬዚደንቱ ራሱ ነው፤ ይህን የጃቫ አውራጃ በሆላንድ ንጉሥ ስም የሚገዛው ነጭ። የካሊዳዋን ሸለቆ ሩዙ ሊታጨድ በደረሰበት ወቅት የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ነገ በሬዚደንቱ አዳራሽ ይቆማል። ከዚያ በመርከብ ተጭኖ ለትልቁ ትርኢት ሆላንድ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን ከዋና ከተማው ከባታቪያ የተላከ መርማሪ ሊያየው ነው። መርማሪው የመጣው ግን ለሥዕል ሳይሆን "አውራጃው ተርቧል" የተባለውን ሊያጣራ ነው።

መንደሩን ሲቃረቡ የጮኸ ውሻ የለም። በግራ በኩል የሩዙ ማሳ ተሰነጣጥቆ እንደ አሮጌ ሸክላ ሆኗል። በቀኝ ግን ኒላው ለምልሟል፤ ጨርቅ ሰማያዊ የሚነከርበት ያ ቅጠል። ቦዩ ሩዙን ዘሎ ወደ ኒላው እንዲሄድ ተደርጎ ተቆፍሯል። ከወዲያ የመዘፍዘፊያው ገንዳ ይታያል፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። የሙዙ ዛፎች በሙሉ ከሥራቸው ተነቅለዋል። ግንዱን ሰው ቀቅሎ በልቶታል።

ጋሪው ከመስጊዱ ደጅ ሳይቆም ሩቢነም ዘላ ወርዳ ወደ እናቷ ቤት ሮጠች።

ወንድሟ ካርሶ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። መጀመሪያ አላወቀችውም። እግሮቹ አባብጠው የሌላ ሰው ይመስላሉ፤ ፊቱ ደግሞ የአባታቸውን የመጨረሻ ቀን ፊት ይመስላል።

"እታለም" አለ። "ዘገየሽ።"

"እማ የት ናት?"

"ከመስጊዱ ጀርባ ናት። ጾሙ ሲገባ። ሰው 'ጾም ገባ' ሲል ሳቀች፤ 'እኛ መቼ ፈሰክን' ብላ። በማግስቱ አልተነሣችም።"

ሩቢነም ከአጠገቡ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ እንባው እምቢ አላት።

"ሚስትህስ? ልጁስ?"

"ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዱ፤ እዚያ ሩዝ አለ ሲባል። አልተመለሱም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ዘር በሚዘራበት ጊዜ ባላባታችን አዲፓቲው ለምሽግ ቁፋሮ ሰደደን። ስንመለስ ወቅቱ አልፏል። ያለችውንም ሩዝ ጭቃ ሹሙ ለመሬት ግብር ብሎ ሰበሰባት። ዝናቡ ሲዘገይ ውኃውን ለኒላው አሉ። 'እኛ ኒላ አንበላም' ብለን ብንጠይቅ ገረፉን። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙም ጠፋ። የሚሰበስበው ሲያጣ።"

"አዲፓቲው ያውቃል?"

"በፈረስ አልፎ ሄደ። ጥላውን የያዘለት ሰው አፍንጫውን ሸፈነ። እሱ ግን አልሸፈነም። ለምዶታል መሰለኝ።"

ቅርጫቷ ውስጥ ከነበረው ሩዝ ጥቂቱን በውኃ አላልታ በጣቷ አጎረሰችው። ቀስ አድርጎ ዋጠ። ሌላ ልትሰጠው ስትል እጇን ያዛት። "ቀስ። ቶሎ የበላ ሰው ሞቶብናል።"

ወደ መስጊዱ ስትመለስ ቁጣዋ ገና መልክ አልያዘም ነበር። በረንዳው ላይ ሥዕሉ ከሣጥኑ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሄይደማ ተንበርክኮ ጀርባውን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋል። መንደሩ ውስጥ መቆም የሚችል ሰው ሁሉ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ተቀምጧል። ብዙ አይደሉም።

ሸራው በእውነት ያምራል። ያንን ልትክደው አልቻለችም። ከኋላ ተራራው በጠዋት ጭጋግ ሐምራዊ ሆኗል። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር የደረሰ ሩዝ ነው፤ ወርቅ የፈሰሰበት ይመስላል። ጎሽ ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ቀይ የለበሰች ሴት ቅርጫት ተሸክማ ትመጣለች። ከዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወጋሉ።

አሮጊቷ ምቦክ ዳርሚ እየዳኸች ወደ ሸራው ተጠጋች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ዋርካው የኛ ነው" አለች። "ተራራውም የኛ ነው። ሩዙ የማን ነው?"

ሄይደማ መጥረጉን አላቆመም።

"ሩቢነም ልጄ፣ አንቺ ጠይቂልኝ። ቋንቋዬ አልገባው ይሆናል። ሩዙ የማን ነው?"

"ገብቶኛል እናቴ" አለ ሄይደማ በጃቫኛ። "ሥዕል እኮ ነው። ለውበቱ ነው።"

ከተቀመጡት አንዱ፣ የጎድን አጥንቱ በሩቅ የሚቆጠር ጎልማሳ፣ "ለውበቱ ከሆነማ እኛንም ወፈር አድርገህ ጨምረን" አለ። "እዚያ ዋርካው ሥር ቦታ አለ።"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ምቦክ ዳርሚ ግን አልሳቀችም። ጣቷን አንሥታ የተሣለውን ሩዝ ነካች። ሄይደማ "ተዪ፣ ቀለሙ ገና አልጠናም" ብሎ እጇን ቀስ አድርጎ መለሰው። ያንን ሲያደርግ ሩቢነም ወደ እሱ ተጠጋች።

"ቱዋን" አለች። "ይህንን ሲነድፉ እኔ ጥላ ይዤ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ሩዝ ያደረጉት ቦታ ላይ የነበረው ኒላ ነው። ገንዳው ከጀርባዎ ነበር። ሽታው ራሴን አመመኝ ብለው አፍንጫዎን በመሐረብ አስረው ነው የሠሩት።"

"ሠዓሊ ያየውን ሁሉ አይሥልም።"

"ያላዩትን ግን ሣሉ።"

ተነሥቶ ወደ ዳር ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን ላድርግ? ሬዚደንቱ ሌላ ሠዓሊ አያጣም። እኔ ግን ሌላ ሬዚደንት አላገኝም። ደግሞስ ሥዕል ማንን ገደለ?"

"ነገ ይገድላል። መርማሪው ይህን አይቶ ከተመለሰ ማን ሩዝ ይልካል?"

ሄይደማ ወደ መንደሩ ሰዎች ተመለከተ። እውነቱን ለመናገር ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "እነግራቸዋለሁ" አለ። "ለመርማሪው። ለብቻቸው ሳገኛቸው ያየሁትን በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ቃሌ ነው።"

ማመን ስለፈለገች አመነችው።

ፓክ ሳኪር የራሱን ስንቅ ፈትቶ ለሰዎቹ አከፋፈለ። ለበሬዎቹ ብቻ ትንሽ ገለባ አስቀረ፤ "እናንተ ጋሪ መጎተት አለባችሁ" አላቸው። ሩቢነም ከወንድሟ ጋር ልቅር አለች። ካርሶ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ? መቃብር ለመቆፈር ጉልበትሽ አይበቃም። ሂጂ። እዚያ ቢያንስ የሚሰማ ጆሮ ይኖራል።"

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የሬዚደንቱ አዳራሽ በሰው ተሞላ። ነጮቹ ወንበር ላይ፣ ጃቫውያኑ መኳንንት ምንጣፍ ላይ፣ እያንዳንዱ እንደ ማዕረጉ። አዲፓቲው ብቻ ከሬዚደንቱ ጎን ዝቅ ያለ ወንበር ተሰጥቶታል። ከኋላው የወርቅ ቅብ ጥላ የያዘ፣ የሚያኝከውን ቅጠል ሣጥን የያዘ፣ የምራቁን መትፊያ የያዘ፣ ሦስት አሽከር ተንበርክኮ ይጠብቀዋል። ጎራዴው ከጀርባው፣ አልማዙ ከጣቱ አለ። ሬዚደንቱ የብር ጥልፍ ያለበትን ደንብ ልብሱን ለብሷል። መርማሪው ቀጭን ሰው ነው፤ ጥቁር የሱፍ ኮቱ ውስጥ ላቡ ይፈሳል። ልቡ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የሚጠጣው ውኃ ላይ ያለ ይመስላል።

ሩቢነም ከኋላ ወለሉ ላይ ከአገልጋይ ሴቶች ጋር ተቀምጣለች።

መጋረጃው ከሸራው ላይ ሲነሣ አዳራሹ "ኦ" አለ። ሴቶቹ ማራገቢያቸውን አቆሙ። ሬዚደንቱ ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ለመርማሪው ፈገግ ብሎ፣ በሆላንድኛ ተናገረ።

"ተራበ የተባለው አውራጃ ይኸውልዎ ክቡርነትዎ።"

ሳቅ ሆነ። አዲፓቲው ቋንቋው ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

"ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ከቢሮአቸው አይወጡም። ይህ ሰው ግን እቦታው ተቀምጦ ነው የሣለው። ትናንትም በዚያው መንገድ አልፎ ነው የመጣው። ሄይደማ፣ ይንገሯቸው እስቲ። እንዴት ሰነበተ ካሊዳዋ?"

ሄይደማ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆሟል። መርማሪው ከፊቱ ነው፤ ሁለት ክንድ እንኳ አይርቅም።

"ውብ አገር ነው ክቡርነትዎ" አለ። "ብርሃኑ በተለይ።"

ያን ጊዜ ተነሣች።

በጃቫ አዲፓቲ ፊት የሚቀርብ ሰው ቁጢጥ ብሎ እየተሳበ ነው። ራሱ ከጌታው ራስ በላይ አይውልም። ሩቢነም ቀጥ ብላ ተራመደች። ጦር ያዦቹ አይተዋታል፤ ግን የነጭ ቤት ሴት ስለሆነች ማን አዝዟት እንደሆነ ስላላወቁ እጃቸው ተያዘ። ከአዲፓቲው ፊት ደርሳ ከላይ ወደ ታች አየችው።

"አንተ" አለችው።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ጃቫዊ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ለጌታ የሚነገርበት ቃል ሌላ ነው፤ ከብት የሚነዳበት ቃል ሌላ ነው። አዲፓቲውን "አንተ" ያለ ሰው በአባቱም በአያቱም ዘመን በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

"ካሊዳዋን ታውቃታለህ። ጭቃ ሹሙን የሾምከው አንተ ነህ። ሰዉን በዘር ጊዜ ለምሽግ የነዳኸው አንተ ነህ። ከኒላው ድርሻህን ትበላለህ፤ ጣትህ ላይ ያለው እሱ ነው። እናቴ የሙዝ ግንድ ቀቅላ እየበላች ሞተች። ይህ ሸራ ላይ ያለውን ሩዝ የት አደረስከው? ንገረኝ፤ ሄጄ ላምጣው።"

የአዲፓቲው ፊት አልተነቃነቀም። መትፊያው እንዲቀርብለት በጣቱ አመለከተ፤ ቀዩን ምራቁን ተፋ። "አእምሮዋን የነካት ናት" አለ ለሬዚደንቱ፣ በለሆሳስ።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ መርማሪው።

"የቤት ጠብ ነው ክቡርነትዎ" አለ ሬዚደንቱ። "ኛይ ናት፤ የሠዓሊው።"

መርማሪው ወደ ሄይደማ ዞረ። "እንግዲያው ቋንቋዋን ያውቃሉ። ምን አለች?"

ሄይደማ ሩቢነምን አያት። ለአፍታ ያህል ይናገራል ብላ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ ሸራው ሄደ።

"ካሊዳዋ የተወለደችበት መንደር ነው" አለ። "ሥዕሉን ስታይ እናቷ ትዝ አለቻትና ሆድ ባሳት።"

የመርማሪው ፊት ፈታ አለ። "ይህማ ለሠዓሊ ከሜዳልያ ይበልጣል።"

ሩቢነም ቃሉን ሁሉ ሰማችው። በሄይደማ ቤት ዓመታት ሙሉ ምግብ ስታቀርብ፣ መብራት ስትለኩስ፣ እነሱ እንደ ወንበር ቆጥረዋት በፊቷ ሲያወሩ ስንቱን ሰምታለች። አንድም ቀን ግን ሆላንድኛ ተናግራ አታውቅም። በዚያ ዘመን አንድ ጃቫዊ ለነጭ በነጭ ቋንቋ ከመለሰ እንደ ጥፊ ነው የሚቆጠረው።

"ውሸት ነው" አለች በሆላንድኛ።

ቃሉ ተንጋደደ። ግን ሆላንድኛ ነበር። የአንዲት ወይዘሮ ማራገቢያ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"እናቴ ትዝ አላለችኝም። እናቴ ሞታለች። በረሃብ ሞተች። ወንድሜ መነሣት አይችልም። ሩዝ የለም፤ ኒላ አለ። ይህ ሰው ትናንት ከኔ ጋር ሆኖ አየ። እነግራቸዋለሁ አለኝ። ሰዎቹ ሥዕሉን ሲነኩ 'ቀለሙን አትንኩ' አላቸው። እርስዎ ይምጡ። መጥተው ይዩ።"

"አውጧት" አለ ሬዚደንቱ።

ሁለት ጦር ያዦች ክንዷን ያዙ። አልታገለቻቸውም። ከደጅ ስትደርስ የመርማሪው ድምፅ ከኋላዋ ተሰማት፤ ቀስ ያለ፣ የደረቀ ድምፅ።

"መንደሩ ሩቅ ነው?"

"አይርቅም፤ ግን መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል። በዚህ ሳምንት አይታሰብም።"

"ሠዓሊው ትናንት በዚያው አልፎ መጣ ያሉኝ ራስዎ ነዎት" አለ መርማሪው። "ሸራ ያለፈበት መንገድ ፈረስ አያቅተውም። ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ሴትዮዋም ትመጣለች።"

ደግ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። እንደ ልጅ ሲያታልሉት የሚቀየም ሰው ስለነበረ ነው።

ፈረሶቹ እስኪጫኑ ድረስ እጇን አስረው ዘብ ቤት አስቀመጧት። ፓክ ሳኪር በመስኮቱ ውኃ አቀበላት። "የማይፈራው በሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለና ሄደ። ከኋላው ሄይደማ መጣ። ኮቱ ላይ ገና ያልደረቀ የሻምፓኝ ጠብታ ነበር።

"ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አላት። "ልነግራቸው ነበር እኮ።"

"መቼ?"

"ለብቻቸው ሳገኛቸው።"

"አጠገብህ ቆመው ጠየቁህ።"

"አጠገብህ" ስትለው ሰማው። በቤቱ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ብላው አታውቅም። የመስኮቱን እንጨት ያዘ።

"አልተዘጋጀሁም ነበር። ሁሉም እያየኝ... ሩቢነም፣ ወደ ቤት እንመለስ። ሬዚደንቱን እለምንልሻለሁ። እንደ ድሮው እንሆናለን።"

"አንተ ቤት ጠግቤ እየበላሁ ነው እናቴ የሞተችው" አለችው። "ጥላ ይዤልህ፣ ብሩሽህን አጥቤልህ። አሁንም ልመለስ? እሷ ቆማ የማታውቅበት ሩዝ ውስጥ ቀይ አልብሰህ አቁመሃታል። ቅርጫቷን አውቄዋለሁ። የእናቴን ቅርጫት ሣልክ፤ ባዶ መሆኑን ግን አልሣልክም።"

እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ሊነካት ሲል ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ሸራው ከወራት በኋላ በመርከብ ተጭኖ እንደሄደ፣ እዚያም ወደውት በትልቅ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት በኋላ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ተነሡ። መርማሪው፣ ሬዚደንቱ፣ ጥቂት ወታደሮች፣ ከፊታቸው በእግሯ ሩቢነም። አዲፓቲው ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ሬዚደንቱ መንገዱን ሙሉ ሲናገር ነበር፤ ስለ ጃቫዊ ስንፍና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አላህ ፈቃድ። መርማሪው አልመለሰለትም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፈረሱን አቆመ፤ ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። እስኪያልፉ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ወታደሩ ቀርቦ ሲነካት በድኗ ተጋደመ።

ከዚያ ወዲያ ሬዚደንቱ ከሁሉ ኋላ ሆኖ ጋለበ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። ሬዚደንቱ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ጡረታው ግን አልተነካበትም። አዲፓቲው ጥላውን ተነጠቀ፤ ልጁ ተሾመ። ሩዝ የጫኑ ጋሪዎች መጡ፤ ለጥቂቱ ደረሱ፣ ለብዙው ዘገዩ። ካሊዳዋ ውስጥ ኒላ የተዘራበት ማሳ ከሁለት ዝናብ በኋላ ወደ ሩዝ ተመለሰ። ሩቢነም በዚያ ከሰዓት በኋላ ከዚህ አንዱንም አታውቅም። የምታውቀው መንገዱን ብቻ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ሬዚደንቱ ከፈረሱ አልወረደም፤ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከደጅ ቀረ። መርማሪው ወረደ። ከእናቷ ቤት በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ፤ ወደ ውስጥም አልገባም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰ። ሩቢነም በጎኑ አልፋ ገብታ ከወንድሟ ራስጌ ተቀመጠች።

ካርሶ ዓይኑን ከፈተ። "በሩ ላይ ያለው ማነው?"

"ከባታቪያ የተላከ ሹም ነው።"

"ሩዝ ይዟል?"

"አልያዘም። ሊያይ ነው የመጣው።"

ካርሶ በአንድ እጁ የለበሰውን ጨርቅ ከደረቱ ላይ ገፈፈ፣ ከሆዱም ላይ፣ ካበጡት እግሮቹም ላይ፣ እስከ ጫፉ።

"'ከብርሃኑ ላይ ዞር በልና ግባ' በይው" አለ። "ይይ።"